ስልሳ አምስተኛው ቀን

ፖስታው የመጣው ጋሼን ቀብረን ብዙም ሳንቆይ ነው። ነጭ፣ መስኮት ያለው፣ የመንግሥት ፖስታ። በመስኮቱ በኩል የሟቹ ስም ይታያል፤ ከስማቸው ቀጥሎ «ትረስት» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ የእኔ ስም ተጽፏል። የሞተ ሰው ስምና የእኔ ስም አንድ ላይ ተደራርበው ሳይ ፖስታውን ገልብጬ ያዝኩት። ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ከነጠላዬ ሥር ሸጎጥኩት። እዚያው አሥር ወር ከረመ።

ፈሪ ነኝ። አስቀድሜ ልናገረውና ይውጣልኝ። ፓርኪንግ ላይ ከሹፌር ጋር ስጨቃጨቅ የሰሙኝ ሰዎች ይህን ብነግራቸው አያምኑኝም። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ዊልሻየር መንገድ ላይ ካለ የቢሮ ሕንፃ ሥር፣ ቡዝ በምትባል ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀብያለሁ። ሰው ቢጮኽብኝ መልሼ እጮኽበታለሁ፤ ለዚያ አልታማም። ወረቀት ግን፣ በተለይ የመንግሥት ወረቀት፣ ያስፈራኛል። ምን እንደሚል ከማወቅ ባላውቀው እመርጣለሁ።

ጋሼ የምላቸው አከራዬ ነበሩ። ከፌርፋክስ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ፣ ዕድሜ ልካቸውን ታክሲ ነድተው የገዙት አራት ቤት ያለው አሮጌ ፎቅ ነበራቸው። በአንደኛው እሳቸው ከልጃቸው ጋር፣ በአንደኛው እኔ፣ በሁለቱ ደግሞ ሌሎች ተከራዮች እንኖር ነበር። ባለቤታቸው ልጅቷ ገና ትንሽ ሳለች ስላረፉ ፀጉሯን እየሠራሁ፣ ትምህርት ቤት የወላጅ ስብሰባ ላይ እየተቀመጥኩ ያሳደግኳት እኔም ጭምር ነኝ። እትዬ ትለኛለች። ልጅ የለኝም፤ እሷ አለችኝ።

ጋሼ ሕመሙ ሲጠናባቸው ጠበቃ ዘንድ ሄደው ቤቱን ትረስት ውስጥ አስገቡት። እንደገባኝ ትረስት ማለት ንብረትን በአደራ ማስቀመጥ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ባለአደራው ይረከብና ለታሰበለት ሰው ጥቅም ያስተዳድረዋል። የታሰበላት ልጃቸው ናት። ባለአደራ ያደረጉት ደግሞ እኔን ነው።

«ለምን እኔን? ወንድም የለዎትም ወይ?» አልኳቸው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ዶላር ጎድሎብሽ አያውቅም» አሉኝ። ቀጥለውም «የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዌስትውድ ኮሌጅ የጀመረችውን ትምህርት ትጨርስልኝ። እኔ ታክሲ ውስጥ፣ አንቺ ቡዝ ውስጥ አረጀን። እሷ እንዳትገባበት» አሉ።

ነርስ ለመሆን ሁለት ዓመት ቀርቷት ነበር። የትምህርት ቤቷን የሚከፍሉት እሳቸው ነበሩ፤ ታክሲያቸውን በብድር ገዝተው ዓመታት እንቅልፍ ያጡ ሰው ስለሆኑ ብድር እንዳትወስድ አስምለዋታል። «አደራ» ሲሉኝ እጄን ይዘውኝ ነበር። «እሺ» አልኩ። በማርች አጋማሽ ላይ አረፉ።

አሁን ወደ አርባቸው ልምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ያኔ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጸሎቱ አልቆ፣ ሰው ምሳ በልቶ፣ ገና እንደተቀመጥን ታናሽ ወንድማቸው ተነሣ። ከላስ ቬጋስ ነድቶ የመጣ፣ ንግግር የሚወድ ሰው ነው። በአፌ እርስዎ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ካልኩት ቆይቻለሁ።

«እህቴ፣» አለኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት እርስዎ፣ ኪራዩን የሚሰበስቡት እርስዎ፣ ቼኩን የሚፈርሙት እርስዎ። እኔ ምንም አላልኩም።»

ምንም አላልኩም ያለውን አዳራሹ በሙሉ ሰማው። በእኛ ዘንድ የሟች ሙት ዓመት ሳይወጣ በንብረቱ ላይ እጅ መስደድ ነውር ነው፤ «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ» ያስብላል። ደሜ ፈላ። ከአጠገቤ የተቀመጡትን ቄስ መስቀል ያዝኩና «እስከ ሙት ዓመታቸው ድረስ፣ ለቤቱ ወጪ ካልሆነ በቀር፣ ከዚህ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም ለማንም አላወጣም! ይኸው መስቀሉ!» አልኩ። አባ እጃቸውን ሊስቡ ሞክረው ነበር፤ አልለቀቅኳቸውም። ሰዉ «እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ» አለ። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አየችኝና አንገቷን ደፋች። የኮራችብኝ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት የሥቃይ ዓመት ነበር። የተከራዮቹን ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ባንክ አስገባለሁ። የራሴንም ኪራይ ቼክ እጽፋለሁ፤ ተቀባይዋም እኔው ስለሆንኩ ለራሴ ደረሰኝ እቆርጣለሁ። ደረሰኙን ሁለት ቦታ አስቀምጣለሁ፣ አንዱ ቢቃጠል ብዬ። መንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ሲያንሾካሹኩ ካየሁ ስለ እኔ የሚያወሩ ይመስለኛል። አደራ በላ የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ይጮኽ ነበር። ሌባ ብባል ይሻለኛል፤ ሌባ እኮ የማያውቀውን ሰው ነው የሚሰርቀው።

ልጅቷ አባቷ ያረፉበት ቤት ውስጥ መተኛት ስላቃታት ሆሊውድ ከጓደኛዋ ጋር ገባች። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትመጣለች። ሴፕቴምበር ላይ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ «የትምህርት ቤቱ ክፍያስ?» አልኳት ቀና ሳልል።

«ኦኬ ነው እትዬ፣ ማኔጅ አድርጌዋለሁ።»

«ስኮላርሺፕ ሰጡሽ?»

«እንደዚያ ነገር ነው።»

እፎይ አልኩ። እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ ያልኩት ስላመንኳት አይደለም፤ ተጨማሪ ጥያቄ ባለመጠየቄ ነው። እውነቱን ብትነግረኝ ወይ መሐላዬን አፈርሳለሁ፣ ወይ እሷን እምቢ እላለሁ። ሁለቱንም ፈራሁ። ሽንኩርቱን መክተፌን ቀጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ጥቁር ሱሪና ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር የምትመጣው። ፈተና ነው አልኩ።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ፖስታ መጣ፣ ከባንኩ፤ ይኸኛውም የትረስቱን ስም የያዘ። መሳቢያውን ከፍቼ ከመጀመሪያው ጎን አስቀመጥኩት። ሁለት ሆኑ። ሦስተኛው ሲመጣ ፖሊስ ይዞ ነው የሚመጣው ብዬ ሁለቱንም በቦርሳዬ ይዤ ፌርፋክስ ላይ ካለ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ ወዳለው አካውንታንት ሄድኩ። ድሮ ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። የታክስ ጊዜ ስለሆነ ደረሰኛቸውን በጫማ ካርቶን የያዙ ባለታክሲዎች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ከታች የጥብስ ሽታ ይመጣል። ሁልጊዜ የሚያስርበኝ ሽታ የዚያን ቀን አቅለሸለሸኝ።

«ይክፈቱልኝ፤ እኔ አልችልም» ብዬ ፖስታዎቹን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

በብዕራቸው ጫፍ ቀደዱና አነበቡ። «ምን ያስፈራል ይሄ? አንደኛው ለትረስቱ የተሰጠ የታክስ ቁጥር ነው፤ ሌላው የባንክ ወለድ መግለጫ። ሰውዬው ሲያርፉ ትረስቱ ራሱን ቻለ። ሶ፣ ልክ እንደ ሰው የራሱን ታክስ ፋይል ያደርጋል። እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ጊዜ አለሽ።» ትንሽ ተነፈስኩ። «ባለፈው ዓመት ለልጅቷ ስንት ዲስትሪቢውት አደረግሽ፣ ስንት ሰጠሻት?»

«አንዲት ሳንቲም አልነካሁም!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ዓመቱን ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ምንም?»

«ምንም። ምያለሁ።»

«የትረስቱ ወረቀት የግድ ስጪ ይልሻል ወይስ እንደመሰለሽ አድርጊ ይልሻል?»

«እንደመሰለኝ።»

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉና ወንበራቸውን አስጠጉ። «ትረስቱ ገቢውን ለልጅቷ ቢያስተላልፍላት ኖሮ ታክሱ የእሷ ነበር። ተማሪ ናት፣ ሌላ ገቢ የላትም፣ የምትከፍለው ትንሽ ነው። ይዞ ካስቀረው ግን ከፋዩ ራሱ ትረስቱ ነው። መንግሥት ደግሞ ገንዘብ ይዞ የሚቀመጥ ትረስት አይወድም። እኔና አንቺ ትልቁ የታክስ ተመን ላይ ለመድረስ በዓመት ከስድስት መቶ ሺህ ዶላር በላይ ማግኘት አለብን። ትረስት አሥራ አምስት ሺህን ትንሽ ሲያልፍ እዚያው ደረሰ። ከዚያ በላይ ካለው ከእያንዳንዱ ዶላር ሰላሳ ሰባት ሳንቲም ለፌደራል ነው። ካሊፎርኒያም የራሷን ትጠይቃለች።»

«ስለዚህ ስንት ይሄዳል?»

የኪራዩን ገቢ ጠይቀውኝ፣ ወጪውን ቀናንሰው ደመሩና የሒሳብ ማሽኑን ወደ እኔ አዞሩት። ለዌስትውድ ከሚከፈለው የዓመት ክፍያ ግማሽ ይሆናል። መሐላ ብዬ፣ ንጽሕናዬን ላሳይ ብዬ የጠበቅኩት ገንዘብ በመጠበቄ ሊሄድ ነው። «ያስሩኛል?» አልኩ። ሌላ የምጠይቀው አልመጣልኝም።

«ኧረ ምን ያስርሻል! ባለአደራ ስለሆንሽ ግን ታክሱ ሳይከፈል ገንዘቡ ተበትኖ ቢገኝ አንቺን ነው የሚጠይቁት» አሉና ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ተመለከቱ። «ደግነቱ ዕድል አለሽ። ከጃንዋሪ አንድ እስከ ስልሳ አምስተኛው ቀን ድረስ የምትሰጫት ገንዘብ ባለፈው ዓመት እንደሰጠሻት ተደርጎ እንዲቆጠር መምረጥ ትችያለሽ። ፎርሙ ላይ አንድ ምልክት ማድረግ ነው።»

«ስልሳ አምስተኛው ቀን መቼ ነው?»

«ማርች ስድስት፣ አርብ።»

ሙት ዓመቱ ማርች አሥራ አምስት፣ እሑድ ነው። አዳራሹ ተይዟል፣ ከሩቅ የሚመጡት ቲኬት ቆርጠዋል። ገንዘቡ መሐላዬ ከሚያልቅበት ዘጠኝ ቀን ቀድሞ መውጣት አለበት። ባለታክሲዎቹን አልፌ ደረጃውን ስወርድ ግድግዳውን ይዤ ነበር።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአባ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ጥፋቱ መጀመሪያውኑ መማልሽ ነው፤ እጄን ከነመስቀሉ ይዘሽ ነው እኮ የማልሽው» አሉኝ። «ለእግዚአብሔር ንስሐ ትገቢበታለሽ፤ እሱ ይቅር ባይ ነው። ሰውየውን ግን ራስሽ ንገሪው።»

ሰውየውን መንገር ከእግዚአብሔር ይልቅ ከበደኝ። ሥራ ቦታ፣ በምሳ ሰዓቴ፣ ቡዙ ውስጥ ቆሜ ወደ ላስ ቬጋስ ደወልኩ። ስለ ትረስቱ ታክስ፣ ስለ ስልሳ አምስቱ ቀን፣ አስረዳሁት። ከዚያ፣

«ዘጠኝ ቀን መታገስ አቃትዎት?» አለኝ።

«ታክሱ እኮ...»

«ገብቶኛል። ሙት ዓመቱ ላይ በሰው ፊት ይነግሩናል።» ዘጋው።

ሦስት ቀን ምንም አላደረግኩም። በነዚያ ሦስት ቀናት ውስጥ ያሰብኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ገንዘቡን መንግሥት ቢወስደው ማንም ምንም አይለኝም። ታክስ ወሰደው ይባላል፤ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ መሐላዬን ጠብቄ፣ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ሙት ዓመቱ ላይ እቆማለሁ። ለልጅቷ ብሰጣት ግን አደራ በላ እባላለሁ። እሷ ለመማሪያዋ የሚያስፈልጋትን ግማሽ ልታጣ፣ እኔ ስሜ ሊተርፍልኝ። ይህን ሐሳብ ወደድኩት። እንደወደድኩት ሳውቅ ከፖስታውም፣ ከወንድምየውም በላይ ራሴን ፈራሁ።

አርብ ጠዋት ባንኩ ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። የዓመቱን ገቢ በሙሉ በልጅቷ ስም አስጻፍኩ። ቼኩን ጡቴ ሥር ይዤ ደወልኩላት፤ አታነሣም። ቆይታ መልእክት ላከች፤ «ሥራ ላይ ነኝ እትዬ»። የምን ሥራ? አርብ ክፍል እንዳላት ነበር የማውቀው። የት እንደሆነ ብጠይቃት ሆሊውድ ያለ አንድ ሆቴል ስም ጻፈችልኝ። ለልምምድ ሆቴል የሚልክ የነርስ ትምህርት ቤት አለ ወይ እያልኩ ድራይቭ አደረግኩ።

የሆቴሉ ፓርኪንግ ምድር ቤት ነው። ቲኬት ቆርጬ ገባሁ፣ ዞርኩ፤ የት ላገኛት እንደምችል ለመጠየቅ ወደ መውጫው ቡዝ ተጠጋሁና መስኮቴን አወረድኩ።

ነጭ ሸሚዝ። ጥቁር ሱሪ። ደረቷ ላይ ስሟ።

«እትዬ?» አለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሺፍቴ ነው።»

«ትምህርትሽስ?»

ከኋላዬ የቆመውን መኪና አየች። «ሴፕቴምበር ላይ ሊቭ ወሰድኩ፣ ትምህርቴን ለጊዜው አቋረጥኩ። የሚሰጡት ለአንድ ተርም ብቻ ነው። ጃንዋሪ መመለስ ነበረብኝ፤ የምከፍለው አልነበረኝም። ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጡት።»

«ለምን አልነገርሽኝም? ለምን!» ጮኽኩ። የምጮኸው በማን ላይ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? መስቀል ይዘሽ ስትምይ ቆሜ እየሰማሁ ነበር። ብጠይቅሽ ወይ ታፈርሻለሽ ወይ እምቢ ትይኛለሽ። ካፈረስሽ ደግሞ አጎቴ የሚልሽን ይልሻል። እኔንም አባቷ ሳይቀዘቅዝ ብር ጠየቀች ይሉኛል።»

ቼኩን በመስኮቱ አቀበልኳት። እንደ ቲኬት ተቀበለችኝ፤ እጅ ለምዶ። አየችው። ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ።

«ይሄ ለሴፕቴምበርም ለጃንዋሪም ይበቃ ነበር እኮ» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ መልስ ነበረኝ። ቁጥሩን ደጋግማ ታየዋለች።

«አሁንስ?» አልኳት።

«አሁን እንደገና አፕላይ አደርጋለኋ። ከተቀበሉኝ።» ቼኩን አጥፋ ኪሷ ከተተችና የእኔን ቲኬት ማሽን ውስጥ አስገባች። «ቫሊዴት አድርጌልሻለሁ፣ አትከፍይም። ሂጂ እትዬ፣ ሰው ከኋላሽ አለ።» መዝጊያው ተነሣ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለስንቱ እንዲህ ከፍቼ አሳልፌያለሁ።

ማርች አሥራ አምስት፣ እሑድ፣ ሙት ዓመቱ ላይ ወንድምየው ሳይነሣ እኔ ተነሣሁ። «ምዬ ነበር፤ አፍርሻለሁ። በዘጠኝ ቀን ቀድሜ በማፍረሴ አላፍርም። የማፍረው ስድስት ወር በመዘግየቴ ነው» አልኩ። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ወንድምየው ተነሥቶ ዙሪያውን ቃኘ። «ልጅቷስ የታለች?» አለ። ጠዋት ቅዳሴ ላይ አይቷት ነበር።

«ሥራ ገብታለች» አልኩት።

«የምን ሥራ?» አለኝ፤ ልክ እኔ እንዳልኩት። ስነግረው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ፤ ያዘጋጀውን ንግግር ሳያደርግ ምሳው ቀረበ።

ኤፕሪል ላይ ወደ አካውንታንቱ ተመለስኩ። ፎርሙን ሞልተው ጨርሰው ነበር። ገልብጠው አንዲት ትንሽ ሳጥን አሳዩኝና ብዕራቸውን አንሥተው ምልክት አደረጉባት። «ይኸው! የማርቹ ገንዘብ የባለፈው ዓመት ሆነ። ትረስቱ የሚከፍለው የለም። አሁንስ እንቅልፍ ትተኛለሽ?»

ሳጥኗን አየኋት። የጥፍሬን ግማሽ አታህልም።

«ለትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን የለም?» አልኳቸው።

የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩ።

«የለም» አሉኝ፤ የምፈርምበትንም ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ።